ሦስተኛው ጥሪ

ሩዝ ትሪ ላይ በፈሰሰ ቁጥር ድምፁ አትላንታ አጠገብ፣ ታከር ወደነበረው አፓርታማችን ይመልሰኛል። ጎረቤታችን አባባ ጅቡቲ ሳሉ በፈረንሳይኛ ልብወለድና የራዲዮ ድራማ ይጽፉ ነበር፤ አትላንታ ውስጥ ግን አንድም አንባቢ አልነበራቸውም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ድራማቸውን ስልካቸው ላይ ሪከርድ እናደርግ ነበር። እሳቸው ያነባሉ፤ እኔ ሩዝ ትሪ ላይ እያፈሰስኩ ዝናብ አዘንባለሁ። ፈረንሳይኛ ስለማልችል እጃቸውን ሲያነሱ ጀምሬ ሲያወርዱ አቆማለሁ።

አንድ ቀን ድራማውን እያነበቡ አንዲትን ሴት በስሟ ሦስት ጊዜ ጠሩና ዝም አሉ።

«ምን ሆነች?» አልኳቸው።

«ሞተች። በራዲዮ ሬሳ አይታይም፣ ልጄ። ሰው ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ካልመለሰ ሞቷል ማለት ነው።»

በሳምንቱ ሩዜን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። «አባባ!» አልኩ። መልስ የለም። ደግሜ ጠራሁ። አሁንም ዝም። ሦስተኛውን አልጠራሁም።

ዛሬም ሩዙን አፍስሼ ስጨርስ ሦስተኛው ጥሪ አፌ ላይ ይመጣል። እውጠዋለሁ።