አምስት ተከራይ በአንድ አካውንት

ጀቤሳ ጎረቤቴ ነው፤ ስለዚህ ባማው አይፈረድብኝም። አምቦ ላይ ታይፕ ሲያስተምር ኖሮ፣ ኮምፒውተር የሚባለው ነገር መጣና ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ወሰደበት። በ2004 ዓ.ም. የመጨረሻዋ ተማሪ ስትቀር ሚስቱ መቲ ቁርጡን ነገረችው፤ ወይ ሥራ ይፈልጋል፣ ወይ ካቺሲ ሄዶ ወንድሟን ያገለግላል። ጀቤሳ ደግሞ ያንን ሰው ከሚያገለግል መታሰር ይመርጣል። ዌብሳይት ሠሪ የሆነው እንግዲህ በዚህ ነው፤ ወዶ አይደለም።

እንደ ምንም አምስት ደንበኛ አገኘ። የመጀመሪያው የሬሳ ሳጥን ሠሪው ኦቦ ዋቆ ነበሩ። የሞተ ሰው ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል ብለን ስንስቅ፣ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች በስልካቸው አይተው ያዝዛሉ አሉን። ቀጥሎ የሙሽራ ልብስ የምታከራየው ድንቅቱ፣ ከዚያ ጊንጪ ክሊኒክ ያለው ጤና መኮንኑ ንዋይ፣ በመጨረሻም አንድ ሆቴልና አንድ ወፍጮ ቤት ተከተሉ።

ለአምስቱ አምስት አካውንት መግዛት አቅሙ አልነበረም። በኦቦ ዋቆ የኢንተርኔት አድራሻ አንድ የሆስቲንግ አካውንት፣ ማለትም ዌብሳይት የሚያርፍበት የኪራይ ቦታ፣ ከፈተና ሌሎቹን እዚያው ውስጥ በየፎልደሩ አስገባ። ይህ ነውር የለውም፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ጥፋቱ ማስረዳቱ ነው። «አንድ ግቢ ተከራይቻለሁ፤ ለያንዳንዳችሁ አንዳንድ ክፍል ሰጥቻችኋለሁ» አላቸው። በኪራይ ቤት ኖሮ ለሚያውቅ ሰው ይህን መንገር ጠብ መጥራት ነው። ድንቅቱ ያኔውኑ የሷ ክፍል በር ወዴት እንደሚዞር ጠየቀች።

አንድ ማክሰኞ የክሊኒኩ አድራሻ ተበላሸ። አካውንቱ በኦቦ ዋቆ አድራሻ ስለተከፈተ በሩ ላይ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ክሊኒኩን ብሎ የከፈተ ሁሉ የኦቦ ዋቆ ሳጥኖች ላይ ይወድቅ ጀመር፤ መስቀል ያለው፣ መስቀል የሌለው፣ ትልቅ፣ ትንሽ። ለደም ግፊታቸው ቀጠሮ ሊይዙ የከፈቱ አንድ ርዕሰ መምህር ግፊታቸው እዚያው ጨመረ። ንዋይ ከጊንጪ በአውቶቡስ መጥቶ፣ ሳጥኑ ካልወጣ እኔ እወጣለሁ አለ። ድንቅቱም ነግ በኔ ብላ ደገፈችው። ሙሽራ ቬሎ ልትመርጥ ገብታ ሳጥን ብታይስ? ኦቦ ዋቆ በበኩላቸው፣ በሩ ላይ ያለሁት ቀድሜ ስለገባሁ ነው፣ ከቤቴ የሚያስወጣኝን አያለሁ አሉ። ጀቤሳ ስህተቱን ሦስት ቀን ፈልጎ አጣው። ደንበኞቹ ከወጡ ካቺሲ እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ መቲ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥታለታለች።

ተከራይ ሲጣላ የሚዳኘው ሽማግሌ ነው። ቅዳሜ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ኦቦ ሞቱማ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡና፣ በመጀመሪያ ግቢውን አሳየን አሉ። ጀቤሳ ግቢው ባሕር ማዶ መሆኑን ተናገረ። ባለቤቱ ማነው? አያውቀውም። ውሉ ላይ ምስክር ማን ነበር? ማንም። እኔም እዚያው ነበርኩና አፈርኩለት። ሰው እንዴት በማያውቀው ሰው ግቢ አምስት ተከራይ ያስገባል?

ቢሆንም ፈረዱ። በር ላይ ያለ ጎረቤት፣ ተሳስቶ የመጣን እንግዳ መንገድ ያሳየዋል እንጂ አያስደነግጠውም። ስለዚህ ኦቦ ዋቆ ገጻቸው ላይ ምልክት ይስቀሉ፣ ንዋይም ከግቢው አይውጣ ተባለ። ተመራርቀው ተጨባበጡ። ቃሉን ራሳቸው ኦቦ ዋቆ ተናገሩ፣ ጀቤሳ ጻፈ። ከሳጥኖቹ በላይ በትልቁ እንዲህ ይላል፦ «የመጡት ለክሊኒኩ ከሆነ እዚህ ይጫኑ። እኛ ጋ ለመምጣት ገና ነዎት።»

ከዚያ ወዲያ የወጣ ተከራይ የለም። እንዲያውም ሁለት ተጨመሩ፣ መቲም ሻንጣውን መለሰች። ንዋይ እንኳ በሽተኛው እየሳቀ መምጣት ሲጀምር ዝም አለ።

በወሩ ጀቤሳ ስህተቱን አገኘው። የክሊኒኩን አድራሻ ከፎልደሩ ጋር የሚያገናኘው መስመር ጠፍቶ ኖሯል። አስተካከለውና የምሥራቹን ሊነግር ወደ ኦቦ ዋቆ ሮጠ፣ እኔም ተከተልኩት። ከእንግዲህ በስህተት የሚመጣብዎት የለም ሲላቸው ፊታቸው ጠቆረ። መላጊያቸውን አስቀመጡ።

«ኢልማ ኮ» አሉት፣ «ይህን ሥራ አርባ ዓመት ሠራሁት። እኔ ቤት ገብቶ እየሳቀ የወጣ ሰው አላየሁም፤ ልጄ፣ አንድም አላየሁም። አሁን በየቀኑ ይደውሉልኛል። ‹ገና ነኝ አይደል?› ይሉኛል፣ ገና ነህ እላቸዋለሁ፣ ይመርቁኛል።»

ጀቤሳ ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ፤ ያስተካከለውን መስመር ፈልጎ ተጠንቅቆ መልሶ አጠፋው።