የውሃ ቀማሿ ባል

አባ ሰማኸኝ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ሕንፃው መግቢያ ላይ ካለው የውሃ ቧንቧ ጋ ቆም ብለው መዳፋቸውን ያሳርፉበታል። ቧንቧው ሲነዝር ይሰማቸዋል። "አለ፤ እየመጣ ነው" ይሉና ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። ፔንሲያ፣ ማለትም ጡረታ፣ ከመውጣታቸው በፊት እዚሁ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ ዳር ባለ የጉድጓድ ውሃ መሳቢያ ጣቢያ ይሠሩ ነበር። በሰፈራችን በክፋር ግቢሮል ውሃ ሲጠፋ፣ ሰው ማዘጋጃ ቤት ከመደወሉ በፊት የእሳቸውን በር ያንኳኳል።

አሁን ግን በሩን የሚያንኳኳው ሁሉ "እማማ ይታይሽ አሉ?" ነው የሚለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረሆቮትና ነስ ጺዮና ከአጎራባቾቻቸው ጋር ተባብረው አንድ የሙከራ ጣቢያ ከፈቱ። ከየቤቱ የሚወጣው ያገለገለ ውሃ እዚያ ደጋግሞ ተጣርቶ የሚጠጣ ይሆናል፤ ዝናብ በጠፋ ዓመት፣ ወይም ትልቁ መስመር በተሰበረ ቀን፣ አንዱ ከተማ ለሌላው እንዲያካፍል ነው ሐሳቡ። ለዚህ ቀማሾች ተፈለጉ፤ መሣሪያ ያልያዘውን ሽታ አንዳንዴ የሰው አፍንጫ ይይዘዋልና። ማስታወቂያው በጡረተኞች ክበብ፣ በሞዓዶኑ፣ ሲነበብ አባ ሰማኸኝ ጃኬታቸውን ለብሰው ቀድመው ሄዱ። ባለቤታቸው እማማ ይታይሽ የሄዱት ለአጃቢነት ነበር።

ፈተናው ሦስት ኩባያ ውሃ ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። አባ ሰማኸኝ የተለየውን ሳቱ። ይድገሙ ተባሉ፤ ደገሙ፤ ሳቱ። ወንበሩ ባዶ ስለሆነ እማማ ይታይሽ ተቀመጡ። አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ "ይቺኛዋ" አሉ። ቢቀያየርባቸውም አልሳቱም።

"የእሷ ምላስ!" አሉ አባ ሰማኸኝ አውቶቡስ ውስጥ። "ወጡን ጨው እያበዛችብኝ ዕድሜዬን የጨረሰችው!"

"ያበዛሁት አንተ ስለማይታወቅህ ነው" አሉ እማማ ይታይሽ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ።

እማማ ቀማሽ ሆነው ተመረጡ፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ተለወጠ። በቅምሻ ቀን ጠዋት ሽንኩርት አይቁላላም፤ ሽቶ አይነካም። መኪና መጥቶ እማማን ይወስዳቸዋል። የቀማሾቹ አለቃ ኡሪ የሚባል መሐንዲስ ነው፤ ጠጉሩ ሸብቷል፣ ሚስቱ ሞታበታለች፣ ለሴት የመኪና በር ይከፍታል። አባ ሰማኸኝ ያንን የበር አከፋፈት ከበረንዳ ቆመው ያዩታል። ማታ ጥያቄው አይቀርም።

"ኡሪ ዛሬስ ምን አለሽ?"

"ምን ይለኛል? ውሃው እንዴት ነው አለኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ… ይታይሽ በሌለችበት ቀን ውሃውን እኔም አላምነውም አለ።"

አባ ሰማኸኝ እራት ሳይበሉ ተኙ። በማግስቱ ከዚያ ጣቢያ የሚወጣ ውሃ ከንፈራቸውን እንደማይነካው ማሉ። ምክንያታቸው ንጽሕና ነበር፤ አገር ቤት የሚያነጻው ወራጅ ውሃ ነው፣ ይኼ ግን ከሽንት ቤት የመጣ ነው አሉ። የልጅ ልጃቸው አድቫ ከጦሩ ለሻባት፣ ለሰንበት ዕረፍት፣ መጥታ ይህን ስትሰማ አያቷን ሳባ ብላ ጠርታ ሳቀች።

"ሳባ፣ ውሃውን አይደለም የጠሉት። ቀንተዋል።"

"እኔ? በማን?"

"በኡሪ ነዋ!"

"ያላ፣ ሂጂ ልብስሽን እጠቢ።"

ከአዲስ ዓመቱ በዓላት በኋላ የነዋሪ ተወካዮች ነስ ጺዮና ወዳለ አዳራሽ ተጠሩ። ነዋሪው አልጠጣም ካለ አንዳንዶቹ ከተሞች ከትብብሩ ሊወጡ ነው። የእኛ የኢትዮጵያውያኑ ሽማግሌዎች ከፊት ተቀመጡ። አባ ሰማኸኝም "ሚስቴን ልሸኝ" ብለው መጥተው ከኋላ ቆሙ።

የጣቢያው ውሃ በጆግ ቀረበ፤ ብርጭቆው ተደረደረ። እጁን የዘረጋ የለም።

"እኔ እዚህ አገር ልገባ ሱዳን ድረስ በእግሬ የሄድኩት ይህን ልጠጣ አይደለም!" አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባ ይግዛው። ሰው ሳቀ፤ ብርጭቆው ግን እንደተቀመጠ ቀረ።

ያን ጊዜ እማማ ይታይሽ ጆጉን አነሡ። ማንም ሳይነግራቸው፣ እንደ አገራችን ቀጂ፣ ጥቂት በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ፉት አሉ። ቀጂዋ ቀድማ ከቀመሰች እንግዳ የሚፈራው ነገር እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። እማማ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሞልተው ለማን እንደሚሰጡ ዙሪያውን ተመለከቱ። ኡሪ ፊቱ በርቶ "ለእኔ፣ ይታይሽ፣ ለእኔ" ብሎ እጁን ዘረጋ።

አባ ሰማኸኝ በወንበሮቹ መካከል እንዴት እንዳለፉ አያውቁትም። ብርጭቆውን ከሚስታቸው እጅ ወሰዱ።

"ሚስቴ የቀዳችውን ቀድሞ የሚጠጣው እኔ ነኝ!" አሉ በአማርኛ፣ ጮክ ብለው። ከዚያም በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ኡሪ ያሉት ስላልገባው አጨበጨበ።

"ሰማኸኝ የውሃ ሰው ነው፤ ባያምንበት አይጠጣውም" አሉ አባ ይግዛው፣ ብርጭቆ እያነሡ። ሌሎቹም ተከተሉ። ቤሰደር፣ እሺ፣ ተባለ፤ ከተሞቹ በትብብሩ ቆዩ።

ሲመለሱ እማማ ይታይሽ የኡሪን መኪና ትተው ከባላቸው ጋር አውቶቡስ ያዙ።

"ደግሞ ምን ነካህና ጠጣኸው?"

"ጠማኝ።"

እማማ የባላቸውን ክንድ ያዙ።

ዛሬ ሰው ሲጠይቃቸው አባ ሰማኸኝ "ንጹሕ ነው፤ ከድሮው ጉድጓዳችን አይለይም" ይላሉ፤ ሰውም ያምናቸዋል። ይህን ሁሉ አጫውተውኝ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ቅናቱን ሳይቀር። አንዲት ነገር ብቻ ተዪልኝ አሉ፦ ያን ቀን ውሃው ምን ምን እንደሚል ጨርሶ አላወቁትም፤ ብርጭቆው እስኪያልቅ ድረስ ሲያዩ የነበረው ተዘርግቶ የቀረውን የኡሪን እጅ ነው።