የኦቦ ደበላ ድንች ዛሬ ወጣ

ትናንት ሐሙስ፣ መስከረም። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ፀሐይ። የነበርነው እኔ፣ መምህርት ሰናይትና ሁለት የተማሪ እናቶች።

በትምህርት ቤታችን አትክልት ቦታ አረም እየነቀልን ስልክ ተደወለ። ኦቦ ደበላ አረፉ።

"ውሸት ነው!" አልኩ። ሰኞ ዕለት እኮ አጥሩን ተደግፈው "ዓርብ ጠዋት እንቆፍራለን። እኔ ሳልመጣ ድንቹን የነካ ወዮለት!" ብለውን ነበር።

የሱሉልታ ልጆች ታውቃላችሁ፤ ያ ቦታ ቆሻሻ መጣያ ነበር። ግንቦት ላይ "እስከ መስከረም ካልለማ መኪና ማቆሚያ ይሆናል" ተባልን። ይህን የሰሙት ኦቦ ደበላ፣ የትምህርት ቤቱ ጎረቤት የሆኑ አዛውንት ገበሬ፣ ደቦ ጠሩ። ሰው ሁሉ የሚተከል ይዞ ይምጣ አሉ።

መጣን። ሁላችንም የያዝነው የባህር ዛፍ ችግኝ!

ጭንቅላታቸውን ይዘው ሳቁ። "ልጆቹ ምሰሶ ሊበሉ ነው እንዴ?"

"ምን እናድርግ ኦቦ፣ ደጃችን ያለው እሱ ነዋ!" አለች አንዷ እናት።

"በሉ ተመለሱ። ከደጃችሁ ሳይሆን ከድስታችሁ አምጡ!"

ሮጥን እላችኋለሁ! ለማታ ሊቀቀል የነበረ ድንች ሁሉ አፈር ገባ።

እኔን "አንቺ የተክሉን ስም ቆርቆሮ ላይ ጻፊ" አሉኝ። የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ፊደል የለቀምኩት ከስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ ነው። "ተማሪ ይስቅብኛል" አልኳቸው። "እኔ ስቆፍር አላፈርኩ፣ አንቺ ስትጽፊ ታፍሪያለሽ?" አሉኝ። ጻፍኩ። ልጆቹ አሁን ጮክ ብለው ያነቡታል!

አንድ ነገር ደጋግመው ይሉ ነበር፦ "ትልቁን በልቶ ትንሹን የዘራ፣ ከርሞ ትንሽ ይበላል።"

ኦቦ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሳይመጡ ነካሁት።

ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ከፈትኩ። አጥሩ ጥግ ያለውን መደብ ቆፈርኩ። ቢያዩት! አንዱን ስስብ ሌላው ተከትሎ ይወጣል። ርዕሰ መምህሩ አጠገቤ ቆመው "በቃ፣ እዚህ መኪና አይቆምም" አሉ። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ገለቶማ፣ እናመሰግናለን ኦቦ ደበላ። አፈሩ ይቅለልዎት፤ እርስዎ እንዳለሰለሱልን።

ትልልቆቹን ለይቼ፣ አፈራቸውን አራግፌ፣ ሣጥን ውስጥ ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው። ቆርቆሮ ላይ "ዘር" ብዬ ጻፍኩ። እጄን ታጠብኩና ወደ ቀብርዎ መጣሁ።