መስኮት ከፋቿ ትርንጎ

ትርንጎ ሐሙሲት ገበያ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እየሸጠች አራት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ጉንፋን የያዘው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል፤ እሷ ግን ሸጣ ዝም አትልም።

«ይኸ ጉሮሮህን ያለዝብልህ ይሆናል እንጂ በሽታውን አያባርርም። ትኩስ ትኩስ ጠጣ፣ ተኛ። መጠጫህን ለብቻ አድርግ፤ ልጆችህ ፊት ላይም አታስል» ትላለች።

«የራስሽን ገበያ የምትዘጊ ነጋዴ!» እያሉ ይስቁባታል።

እንዲህ ያደረጋት የልጅነት ቤቷ ነው። የእናቷ ጎጆ መስኮት አልነበራትም። ክረምት ሲገባ ብርድ ፈርተው በሩንም ይጠረቅሙታል፤ ሰውም ጥጃውም ጭሱም አብረው ያድራሉ። አንዱ ሳል ከጀመረው ለሁሉም ሳይዳረስ አይወጣም ነበር። አንድ ክረምት የታናሽ ወንድሟ የፈንታሁን ጉሮሮ አበጠና እንጥል ቆራጭ ተጠራ። ደሙ አልቆም አለ፤ ልጁም በዚያው አለፈ። ዛሬም ሕፃን ምራቁን ሲውጥ ፊቱን ካጨማደደ፣ ትርንጎ የምታየው የፈንታሁንን ፊት ነው። እሷ ቤት እንጥል ቆራጭ ደጃፍ አልረገጠም። ጉሮሮው ታሞ ትኩሳት የጠናበት ልጅ ታዝሎ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ አለቀ።

ባለፈው ጥር ልጇ ገነት ደብረ ታቦር ላይ ወለደች። የመጀመሪያው የልጅ ልጅ ነው። ትርንጎ አራሷን ልታርስ፣ ሕፃኑንም ልትታቀፍ ቅቤና ማር ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች። ከጎኗ የተቀመጠው ጎልማሳ መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ ደረቱ እስኪሰነጠቅ ሳለ። ትርንጎ እጇን ሰደደችና መስኮቱን ከፈተችው።

«ኧረ መስኮት!» ብላ አንዲት ሴት ከኋላ ጮኸች። «በብርድ ልትፈጂን ነው?»

«ብርዱስ በልብስ ይመለሳል፣ እህቴ። የዚህን ወንድሜን ሳል በምን ትመልሽዋለሽ?»

ከፊት የነበሩት ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። «እኔን ንፋስ ከመታኝ አልነሣም። ዝጊው፣ ልጄ።»

«አባባ፣ አንቱማ በጋቢ ተጠቅልለዋል። እኔ አራስ ቤት ነው የምሄደው። ይህን ጉንፋን ይዤ ገብቼ ጨቅላ ልታቀፍ?»

ሾፌሩ ማሩ በመስታወቱ አያት። «እትዬ ትርንጎ፣ ያ ሁሉ ነጭ ሽንኩርት አያድንዎትም?»

መኪናው በሳቅ ተሞላ።

«ነጭ ሽንኩርቱ ወጥ ያጣፍጣል! አንተ መኪናህን ንዳ።»

የሚያስለው ሰው አፈረ። «ብወርድ ይሻላል መሰለኝ» አለ።

«ለምን ትወርዳለህ? መታመም ምን ያሳፍራል? ይልቅ ቦታ እንለዋወጥ፤ አንተ በመስኮቱ በኩል ሁን። ስትስል ደግሞ አፍህን በክንድህ ሸፍን።»

ተለዋወጡ። ወረታ ላይ የኋላዋ ሴት ዘጋችው፤ ዓለም ሳጋ ጫካ ሲደርሱ ትርንጎ በሰውየው ላይ ተንጠራርታ መልሳ ከፈተችው። ሽማግሌው ማጉረምረም ብቻ ቀራቸው።

ገነት በር ላይ ሕፃኑን ይዛ ጠበቀቻት። «እንኪ እማዬ፣ ታቀፊው!»

የትርንጎ እጅ ሳታዝዘው ተዘረጋ። መልሳ ሰበሰበችው።

«አይሆንም። ሳል የያዘው ሰው አጠገብ ተቀምጬ ነው የመጣሁ።»

«መስኮት አላስከፈትሽም?» ብላ ገነት ሳቀች፤ እናቷን ታውቃታለች።

«ከፍቻለሁ። መስኮት ይቀንሰዋል እንጂ አይጨርሰውም። ጥቂት ቀን ይለፍ።»

የገነት አማት የሺሃረግ ከጓዳ ብቅ አሉ። «አያት ሆና የልጅ ልጇን አልታቀፍም የምትል ዛሬ አየሁ! ተጣልታችሁ ነው?»

«ተዋደን ነው» አለች ትርንጎ።

ውጭ ውጭውን ያዘች፤ ልብስ አጠበች፣ እንጨት ፈለጠች። ሁለት ቀን ሳይሞላ ማስነጠስ ጀመራት። የሺሃረግ ድምፅዋን ሰምተው ከመኝታ ቤቱ አንገታቸውን አወጡ፤ ወዲያውም ትኩስ ሊያፈሉላት ወደ ጓዳ ገቡ። ትርንጎ በነጠላዋ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ሌላ ክፍል ተኛች፤ ትኩስ እየጠጣች፣ በግድግዳው በኩል የሕፃኑን ልቅሶ እያዳመጠች። ከአፏ ያለፈ መሐረብም ሆነ ኩባያ ማንም እንዲነካባት አልፈቀደችም። እንዲህ ሆና እስኪሻላት ሰነበተች። ገነትንም ሕፃኑንም አንድም ቀን ሳል አልያዛቸውም።

ሳሏ ከጠፋ በኋላ አንድ ጠዋት የሺሃረግ ሕፃኑን ይዘው በረንዳ ላይ ወጡ።

«በይ ተቀበይኝ፤ ክንዴ ዝሏል።»

ትርንጎ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታጥባ፣ እያደረቀች ነበር የጠበቀቻቸው።