ፋስቲንግ ማለት ጾም ነው ብዬ

ባለቤቴን ተካን መጀመሪያ ያመመው ቀኝ ጎኑን፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር ነው። ቅባት ያለው ነገር በበላ ቁጥር ይወጋውና ሕመሙ እስከ ትከሻው ይዘልቃል። «ጨጓራ ነው» እያለ ሱቅ ይውላል። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ግን ጎትቼ አልትራሳውንድ አስነሣሁት። የሐሞት ጠጠር ነው ተባለና ለቀዶ ጥገና ተቀጠረ።

መርካቶ መጋረጃ እንሸጣለን። በዚያ ሰሞን የእንግሊዝኛ ቃላት ከነትርጉማቸው ማጥናት ጀምሬ ነበር፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ስልኬን ከፍቼ እሸመድዳለሁ። ተካ «ፈረንጇ መጣች!» እያለ ይቀልድብኛል። ኩራቴ ግን አይጣል ነው! በቀዶ ጥገናው ዋዜማ ሐኪሙ «ነገ ጠዋት ፋስቲንግ ሆኖ ይምጣ» ሲለኝ ደስ አለኝ። የማውቀው ቃል! ፋስቲንግ፣ ጾም። «ኦኬ ዶክተር» ብዬ ወጣሁ።

ወሩ ፍስክ ነው። ቢሆንም በጠዋት ተነሥቼ ቅቤ ያልነካው ሽሮ በዘይት ሠራሁ። ፈትፍቼ «ጉልበት ያስፈልግሃል» እያልኩ አጎረስኩት። አላሰኘውም፤ ለእኔ ብሎ በላ። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ «ፋስቲንግ ነው አይደል?» አለች። እሱ አፉን ሳይከፍት «አዎ፣ ፋስቲንግ ነው» አልኳት።

ማደንዘዣ ሲሰጡት አስመለሰው። ምግቡ ሳንባው ገባ። አስፒሬሽን ይሉታል። ኦክስጅኑ ወረደ። ቀዶ ጥገናው ቀረ። ቱቦ አስገቡለት። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወሰዱት።

ሐኪሙ ወጣ።

«ምን በልቶ ነበር?»

«ሽሮ። የጾም ነው ዶክተር፣ ቅቤ የለውም።»

«ፋስቲንግ ያልኩት ምንም እንዳይበላ ነው። ውሃም ቢሆን።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ሳንባ ምች ያዘው። ይተርፋል የሚለኝ ሰው አጣሁ። ተረፈ። ቱቦው ከወጣለት በኋላ ትከሻዬን ይዞ ኮሪደሩን ቀስ እያለ መራመድ ጀመረ፤ ሳንባው እንዲከፈት ፊኛ ይነፋ ነበር፤ ቆይቶም በባዶ ሆዱ ገብቶ ጠጠሩን አወጡለት።

ቤት ስንገባ ጠያቂ ጎረፈ። የሱቅ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ «ምን ነክቶህ ነው እንዲህ የከፋብህ?» ቢሉት፣ ተካ እኔን ሳያይ «ሐኪሙ ጹም ብሎኝ፣ ርቦኝ ተደብቄ በልቼ» አላቸው። «አንተ ሰውዬ! ጹም ከተባልክ ውሃስ ቢሆን ማን ፈቀደልህ?» ብለው ልክ ልኩን ነገሩት። ሳቀ። እኔ ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላዬ አፍኜ አለቀስኩ። ስወጣ ግን ምንም አልተናገርኩም። አፈርኩ።

ለሐኪሞቹና ለነርሶቹ እድሜ ይስጥልኝ። ታማሚ የምታስታምሙ፣ አደራ፣ አውቀዋለሁ የምትሉትን ቃል ጭምር ጠይቁ። «በአማርኛ ይንገሩኝ፣ ይብላ ወይስ አይብላ?» በሉ። የሚስቅ ካለ ይሳቅ። እትዬ ዘይነባ፣ ይህ ከደረሰዎት ተካን አይቆጡብኝ። ተደብቆ አልበላም። አላሰኘኝም እያለ ያጎረስኩት እኔ ነኝ።