ባቡር ያልመጣበት ጣቢያ ባለቤት

የታሰርኩት ባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው። ጎጃም ውስጥ ምን ባቡር አለ የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው፣ የለም። ጣሊያን ግን ሐዲዱን ሳይዘረጋ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ጣቢያውን ሠርቶ ጨረሰ። ባቡሩ ሲዘገይበት እኛን አስገባበት።

የተያዝኩት ለአርበኞች ጨው ያቀብላል ተብዬ ነው። አቀብል ነበር፤ ምን ይደረግ። ወታደሮች ገፍትረው የጨመሩኝ ክፍል ትኬት ሊሸጥበት የታሰበው ነው። ኖራ ኖራ ይሸታል። ትኬት መቁረጫ የተባለችው ጠባብ መስኮት ዘመድ ስንቅ የሚያቀብልባት ሆናለች።

ከወደቅሁበት ሳልነሳ እጃቸው በሰንሰለት የታሰረ አዛውንት ከጥጉ ብድግ አሉ። "እንደምን ዋልህ ልጄ፤ ግባ፣ አረፍ በል" ብለው ጭድ ያለበትን ቦታ ለቀቁልኝ። ቤቱ ስለጠበበም ይቅርታ ጠየቁኝ። አእምሯቸውን የነካቸው መሰለኝ። ነገሩን የነገሩኝ ሌሎቹ እስረኞች ናቸው፤ ጣቢያው የተሠራው በእሳቸው ርስት ላይ ነው። ስለዚህ እዚያ የገባን ሁሉ እንግዶቻቸው ነበርን። ስንቅ ሲመጣ "ብሉ እንጂ፣ በሞቴ" እያሉ መግቢያ መውጫ ያሳጡናል። ብዙውን ጊዜ ምግቡ የእኛው ነው።

የታሰሩትም በዚሁ ርስት ነው። የጣሊያኑ መሐንዲስ መሬቱን በገመድ ሲለካ ደረሱበት። አልተሳደቡ፣ ዱላ አላነሡ። በእኛ አገር የከሰሱትን ሰው የልብሱን ጫፍ ከራስ ልብስ ጋር ቋጥሮ ወደ ዳኛ መሄድ የቆየ ደንብ ነው፤ የተቋጠረ ሰው ጌታም ይሁን ሎሌ ይከተላል። አዛውንቱ የጋቢያቸውን ጫፍ ከመሐንዲሱ ኮት ጋር ጥብቅ አድርገው ቋጠሩና "በል ቅደም" አሉት። ፈረንጁ ሊያንቁኝ ነው ብሎ ሮጠ። እሳቸውም ደንብ ነውና አብረው ሮጡ። ማሳውን ሲዞሩ ወታደር ደርሶ ኮቱን በሳንጃ ቆርጦ አላቀቃቸው። አዛውንቱን የሚከነክናቸው መታሰራቸው አልነበረም። "ተቋጥሮ የሚሮጥ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። አሳዳጊ የበደለው!" ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የእስር ቤቱ አዛዥ የሆነው ጣሊያናዊ ሻምበል የአገር ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ሁላችንንም መንገደኛ ባቡር እንዲጠብቅበት ወደታሰበው አዳራሽ አስወጣን። አዛውንቱ ርስቴን ወድጄ ሰጥቻለሁ ብለው በአገር ፊት ከተናገሩ ይፈታሉ፤ እምቢ ካሉ ባሕር ማዶ ይጋዛሉ። በአገር ፊት የተነገረ ቃል ደግሞ የልጅ ልጅን ርስት ይነቅላል። እኛ አስቀድመን ለምነናቸው ነበር፤ ይበሉትና ይውጡ አልናቸው። ስንቁን ወደ እኛ ገፋ አድርገው "ብሉ እንጂ" አሉን። ያን ጠዋት በጣም ፈራሁላቸው፤ እወዳቸው ነበር።

"ወድጄ ሰጥቻለሁ ይበሉና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ ይላል" አለ አስተርጓሚው።

አዛውንቱ በመጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ምነው ቆማችሁ ብለው አስቀመጡ። ከዚያ ወደ ሻምበሉ ዞሩ።

"እኔማ ቤቴ ነኝ። እናንተ መቼ ነው የምትሄዱት?"

የሽማግሌዎቹ ጋቢ ሁሉ ወደ አፍ ወጣ። አስተርጓሚውን ላብ አጠመቀው፤ "ማሰቢያ ጊዜ ይስጡኝ ይላሉ" ብሎ ማለሳለሱን ኋላ ራሱ አጫውቶናል። ሻምበሉ ግን የታፈነውን ሳቅ ሰማ። ሳቅ አስተርጓሚ አይፈልግም። ፊቱ በርበሬ መሰለና ነገ ተጭነው ይሂዱ ብሎ ፈረደ።

አገሬው ሲወጣ ለሻምበሉ እጅ መንሣት ነበረበት። የመጀመሪያው ሽማግሌ አልፎት ሄደና አዛውንቱ ፊት ጎንበስ ብሎ "እንግዲህ ይፍቀዱልን፣ መሸብን" አለ። ፀሐይ ገና አናት ላይ አልደረሰችም። ሌሎቹም ተራ በተራ እንደዚያው አሉ። እንግዳ ሲወጣ ባለቤት ይሸኛል፤ አዛውንቱ ሰንሰለታቸውን ሰብስበው ባቡር ሊቆምበት ከታሰበው የድንጋይ ንጣፍ ጫፍ ድረስ ወጡ። ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ ከኋላቸው ተከተለ። ሰዎቹ እስኪርቁ ቆመው አዩአቸው። ማንም አልጎተታቸውም።

በማግስቱ ተጋዙ። ጣሊያን ሲወጣ ከስተው፣ ግን በእግራቸው ተመለሱ። ዛሬ የጣቢያው ጣራ ረግፏል፤ የልጅ ልጆቻቸው በድንጋይ ንጣፉ ላይ ጤፍ ይወቁበታል። ባቡር እስካሁን አልመጣም። በዚያ ሳልፍ ቆም እላለሁ። ከዚያ ጣቢያ መንገደኛ ሲሸኝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሸኚውም በማግስቱ የተጋዙት አዛውንት ነበሩ።