ከርከዴና የእናቴ ጮጮ

ልጄ ከሞያሌ ስትመለስ አንድ ፓኬት ከርከዴ ይዛልኝ መጣች። ጀርባው ላይ «ፍላቮኖይድ አለው» ይላል፤ ለአበባው ቀለም የሚሰጠው እሱ ነው አሉ። ወይ ጉድ! ስሙን እንኳ ሳላውቅ ይሄን ሁሉ ዓመት ስፈራው ኖሬያለሁ። የፈላ ውኃ አፈሰስኩበት፤ ቀዩ ቀለም ቀስ እያለ ወደ ታች ሲወርድ ሐሳቤ ነጌሌ ገባ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ዝናቡ አልፎ ቀዩ አፈር ገና እርጥበት እርጥበት ይሸታል፤ የግራር አበባ ሽታ በመስኮት እየገባ ያፈዘናል። ሊትመስ ወረቀት ስላልነበረን የኬሚስትሪ መምህራችን ነጭ ወረቀት በከርከዴ ነክሮ አደረቀልን። ሎሚ ሲነካው ይቀላል፣ የአመድ ውኃ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል። አስማት ነበር የመሰለን። «ነገ ከቤት የምንፈትነው ነገር አምጡ» አለን።

እናቴ ገበያ ላይ ወተት ትሸጣለች። የወተቱን ዕቃ፣ ጮጮዋን፣ በወይራ ፍም ታጥንና ውስጡ የቀረውን አመድ አጥርታ ትጠርጋለች። የዚያን ቀን ጠዋት «ጥረጊልኝ» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። የኔ ልብ ግን ትምህርት ቤት ነው! አንዴ እፍ ብዬበት መለስኩላት። ወተት ሞላችበት፤ እኔም በብርጭቆ ቀድቼ ሮጥኩ።

ተራዬ ደርሶ ጠብ ሳደርግበት ወረቀቱ አረንጓዴ ሆነ።

«እናቷ አመድ ትጨምርበታለች! እንዳይረጋባት ነው!» ብሎ ጮኸ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መናገር ነበረብኝ፤ ብርጭቆዬን ይዤ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ደንበኞቿ እያዩዋት አለፉ።

በማግስቱ ጮጮዋን ታቅፋ ክፍላችን ድረስ መጣች።

«አካም ቡልተኒ፣ መምህር? ናጋ?» አለች፤ እንዴት አደሩ፣ ሰላም ነው ማለቷ ነው። «ይሄን ደግሞ ፈትኑልኝ።»

ወረቀቱ አረንጓዴ አልሆነም።

«ትናንትናስ ምን ነበረበት፣ እናቴ?» አላት መምህሩ።

ወደ እኔ አላየችም። «ቸኩዬ ነው። አመዱን ሳልጠርግ ወተት የሞላሁት እኔ ነኝ።»

እኔ ግን፣ አፈር ልብላ፣ እውነቱን አልተናገርኩም።

ደንበኞቿ ተመለሱ። «ዛሬስ ጠርገሻል?» የሚሏት ግን እስክትሞት አልጠፉም። እሷም እየሳቀች «ጠርጌያለሁ» ትላቸው ነበር። ቤት ውስጥ ነገሩን አንድ ቀን አላነሳችብኝም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ እውነት ግን በጣም አደረ። ከርከዴው ቀዝቅዟል።

«እማ፣ ምነው አትጠጪም?» አለችኝ ልጄ።

«ያልጠረግኩት እኔ ነበርኩ» አልኳት።

ምን እንደማወራ አልገባትም። መስማት የነበረባትማ ሌላ ነበረች።